የአባቴ ጥፍር ቀንድ አወጣ!

ለዛሬ የመረጥኩላችሁ ደብዳቤ የፍቅር ደብዳቤ አይደለም። ወይም ደግሞ፣ እያነበባችሁ ስትሄዱ እንደምታዩት፣ ነው ማለትም ይቻላል። የጻፈችው የ25 ዓመት ወጣት ናት። ስሜን አደራ ስላለችን ስሟን ትተነዋል። ደብዳቤው ረዘም ቢልም አላሳጠርኩትም። ለምን እንዳላሳጠርኩት ኋላ ይገባችኋል።

«ይድረስ ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ይፋግ ነው። አሁን አዲስ አበባ ከታላቅ እህቴ ጋር እኖራለሁ፤ አንድ የልብስ መደብር ውስጥ እሠራለሁ። እግዜር ፈቅዶ ለመጪው ጥር ሠርጌ ተቆርጧል። ልጁም ቤተሰቦቹም አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው። እነሱ ምንም አላስቸገሩኝም። ያስቸገረኝ አባቴ ነው።

አባቴ ሽማግሌውን ተቀብሎ፣ መርቆ፣ ሁሉን ነገር ከጨረሰ በኋላ ‹ሠርጉ ላይ ግን አልገኝም› ብሎ ድርቅ አለ። ብንለምነው፣ ሰው ብንልክበት፣ እምቢ! በመጨረሻ እናቴን ለብቻዋ ደውዬ ብጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ጥፍሩን አፍሮ ነው እኮ!›

የቀኝ እግሩን አውራ ጣት እኔ ሕፃን ሳለሁ በሬ ረግጦት ጥፍሩ ተነቅሎ ነበር። ተመልሶ ሲበቅል ወፈረ፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄደ፤ ከዚያ እየተጠማዘዘ እየተጠማዘዘ ዛሬ እንደ በግ ቀንድ ታጥፎ ሁለተኛው ጣት ላይ ተኝቷል። የሌሎቹ ጣቶች ጥፍርም ይፈረፈራል። ከፎገራ ሜዳ ዳር መሬት ስላለን ክረምቱን የሚውለው ሩዝ ማሳ ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው። ለገበያ ሲወጣ ኮንጎ ጫማ ያደርጋል። ያንንም ጥፍሩ አላስገባ ስላለው የቀኙን ፊት በቢላ ቆርጦ ጥሎታል።

ባለፈው ዓመት የዘመድ ሠርግ ደርሶ በጉጠት ልቁረጠው ብሎ ጥፍሩን ከነሥጋው ቆረጠው። ደሙ መደቡ ላይ ሲፈስ ያየችው እናቴ ናት፤ እሱ እንኳ አላወቀም ብላኛለች። ያ ቁስል ከሁለት ወር በላይ ነው የቆየበት። አሁን ደግሞ ከስቷል፤ የሩዙ ሥራ ይሆናል። ሌሊት ሌሊትም ለሽንት እየተነሳ እንቅልፍ አጥቷል።

ራሱን ባናግረው ‹ኧረ ተይኝ የኔ ልጅ! ይኸን የአውሬ ጥፍር ይዠ ከተሜ ፊት ልቀርብ? ዘራቸው ምን ነክቶት ነው ብለው አንቺን ሊያሙሽ?› አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። እውነቱን ልናገርና እኔም ይኸንኑ ስፈራ ነበር። አሁን ሦስት ጥያቄ አለኝ። ፋርማሲ የምትሠራ ጓደኛዬ የፈንገስ ኪኒን እሰጥሻለሁ ብላኛለች፤ እስከ ጥር ያደርስልኝ ይሆን? ካላደረሰ አምጥቼ ባስነቅለውስ? እሱም ካልሆነ ዝም ብዬ ሽፍን ጫማ ገዝቼ ልላክለት?»

ውድ እህታችን፣ ሦስቱንም እመልስልሻለሁ። ግን አንቺ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽ ያለፍሻቸው ሌሎች ሦስት ነገሮች አሉ። ደብዳቤሽን ያላሳጠርኩት ለነሱ ስል ነው። አባትሽ ሥጋቸውን በጉጠት ሲቆርጡ አላወቁም። ቁስሉ ሁለት ወር ቆየ። አሁን ደግሞ ከስተዋል፤ ሌሊትም ለሽንት ይነሳሉ። እስቲ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። ሰው የገዛ ጣቱን በጉጠት ሲቆርጥ ይጮኻል እንጂ ሚስቱ «ደም!» እስክትለው ይጠብቃል እንዴ?

የእግር ስሜት ጠፍቶ፣ ቁስል አልድን ብሎ፣ ክሳትና የሌሊት ሽንት ሲጨመርበት መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስኳር በሽታ ነው። በደም ውስጥ ያለ ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭን ይጎዳል። ጉዳቱም የሚጀምረው ከሩቁ ጫፍ፣ ከእግር ጣት ነው። የደም ሥሮችም ይጠባሉ፤ ደም ጣት ድረስ በደንብ ስለማይወርድ ቁስል ይዘገያል። «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፤ አባቴ ደግሞ ሲያርስ የሚውል ቀጭን ገበሬ ነው» እንዳትዪኝ። ጎንደር ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች ከገጠር የሚመጡ ቀጫጭን የስኳር ሕመምተኞችን ለብዙ ዓመታት ሲያክሙም ሲጽፉባቸውም ኖረዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጥፍሩን መንካት አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ የጣት ደም ማስፈተሽ ነው። አዲስ ዘመን ከይፋግ ቅርብ ነው፤ ሆስፒታል አለው። ሌሊቱን ሳይበሉ አድረው ጠዋት ሲለኩ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነና በሌላ ቀን ተደግሞ እንደዚያው ከወጣ ስኳር ነው ማለት ነው። ውጤቱ ደህና ከሆነም እሰየው፤ ግን ያኔም ስሜቱን ያጠፋው ምን እንደሆነ ሐኪሙ መፈለግ አለበት።

ሐኪም ቤት እስኪሄዱ ድረስ እናትሽ ቤት ውስጥ ልትሠራው የምትችል አንድ ቀላል ፈተና ልንገርሽ። ኢፕስዊች በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ያወጡት ነው፤ መሣሪያ አይፈልግም፣ ሳንቲም አያስወጣም። አባትሽ ጋደም ብለው ዓይናቸውን ይጨፍኑ። እናትሽ በጠቋሚ ጣቷ ጫፍ የእግር ጣቶቻቸውን ጫፍ አንድ በአንድ ነካ ታድርግ፦ አውራ ጣትን፣ መካከለኛውን፣ ትንሿን፣ በሁለቱም እግር። ስድስት ቦታ መሆኑ ነው። ነካ ብቻ! አትጫን፣ አታሽ፣ አትኮርኩር፤ አንድ ወይ ሁለት ሰኮንድ ይበቃል። እሳቸው በተሰማቸው ቁጥር «ግራ»፣ «ቀኝ» ይበሉ። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካመለጣቸው ያ እግር ደንዝዟል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጉጠት፣ ምላጭ፣ ቢላ፣ መርፌ፣ የፈላ ውሃ የሚባል ነገር ወደ እግራቸው አይጠጋም። እሳት ዳር እግር ዘርግቶ መሞቅም እንዲሁ። ደጋ ላይ ይኼ ከባድ ትእዛዝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይናገርም።

እግር የሚያደነዝዝ ሌላም በሽታ አለ። ስሙን ስጠራው እንዳትደነግጪ፤ ሥጋ ደዌ ይባላል። ሰውነታቸው ላይ ፈዘዝ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሥጋ ደዌ ዘር አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ እንደ ዓይነቱ 6 ወር ወይም 12 ወር በሚወሰድ ኪኒን ይድናል፤ ኪኒኑም በነጻ ነው። በአባትሽ ላይ ስኳሩ ይበልጥ ያጠራጥረኛል፤ ሐኪም ግን ሁለቱንም ያይላቸዋል።

እሺ፣ አሁን ወደ ጥፍሩ እንግባ።

ጥፍር ከሥሩ ነው የሚሠራው። ያ በቆዳ የተሸፈነው ሥር ሲደቆስ፣ በበሬ ኮቴም ይሁን በወደቀ ድንጋይ፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ጥፍር ቀጥ ብሎ መውጣት ያቅተዋል። አንደኛው ጎን ቶሎ ያድጋል፣ ሌላኛው ይዘገያል፤ ስለዚህ ይጠመዘዛል። ወፍራም ስለሚሆን በተራ ጥፍር መቁረጫ አይያዝም፤ ስለማይያዝ ይተዋል፤ ሲተው ደግሞ ይብሳል። አንቺ የበግ ቀንድ ብለሽ እንደጻፍሽው ሐኪሞቹም በቋንቋቸው የሚጠሩት በዚያው በበግ ቀንድ ስም ነው። ዕድሜ፣ ጠባብ ጫማ፣ የደም ዝውውር መድከም ይጨመሩበታል። ሙጀሌ ደጋግሞ የበላው እግርም ጥፍሩ ይበላሻል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዘር የት አለ? ቆሻሻነትስ የት አለ? በሬ ረገጣቸው፤ በቃ።

«እስከ ጥር ያደርስልኝ ይሆን?» ላልሽው ኪኒን ሒሳቡን እናስላው። የእጅ ጥፍር በወር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያድጋል። የእግር ጥፍር ግን ሰነፍ ነው፤ በወር 1 ተኩል ሚሊ ሜትር ቢያድግ ነው። ይህን የምጽፈው ኅዳር ላይ ስለሆነ እስከ ጥር ሁለት ወር ያህል ቀርቶናል። ስለዚህ ኪኒኑ ፍቱን ቢሆን እንኳ ለሠርጉ የሚደርሰው አዲስ ጥፍር የምስር ፍሬ አያህልም! አንድ የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ ለሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል።

ደግሞስ ፈንገስ መሆኑን ማን አረጋገጠ? ከተበላሹ ጥፍሮች ግማሽ ያህሉ ፈንገስ አይደሉም። ጓደኛሽ ለደግ አስባ ነው፤ ግን ለጥፍር ፈንገስ የሚሰጠው ተርቢናፊን የሚባለው ኪኒን በቀን 250 ሚሊ ግራም ለ3 ወር የሚዋጥ ነው። ጉበት ያስመረምራል፤ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋርም ሊጋጭ ይችላል። የቆየው ግሪሲዮፉልቪን ደግሞ ለእግር ጥፍር ከዓመት በላይ ይዋጥና ውጤቱ ደካማ ነው። የአባትሽ ትልቁ ጥፍር የበሬው ሥራ እንደሆነ ታሪኩ ይናገራል። የሚፈረፈሩት ሌሎቹ ግን ፈንገስ ሊሆኑ ይችላሉ። ክረምቱን ሙሉ ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ፣ ሩዝ ሲታረም፣ እግር ውሃ ውስጥ ይውላል፤ በጣቶቹ መሐል ቆዳው ነጭ ሆኖ ይበሳሳል፤ ፈንገስ ደግሞ እርጥበት ይወዳል። መፍትሔው ጥፍሩን ፋቅ አድርጎ ፍርፋሪውን በማይክሮስኮፕ ማሳየት ነው። የሚቀባ ቅባት ብቻውን የወፈረ ጥፍር ሰንጥቆ አይገባም፤ ገንዘብሽን ነው የምትቀቢው።

«ባስነቅለውስ?» ብለሻል። መንቀል ይቻላል። ጣቱ በመርፌ ደንዝዞ በሐኪም እጅ ይነቀላል። ነገር ግን ሥሩ ያው ጠማማው ሥር ስለሆነ የሚበቅለውም ያው ጠማማ ነው። ለዘለቄታው እንዳይበቅል ከተፈለገ ሐኪሙ ሥሩን ፌኖል በሚባል ኬሚካል ያጠፋዋል፤ ጣቱ ያለ ጥፍር ይኖራል፤ ምንም አይጎድልበትም። ይህ ሁሉ ግን ስኳራቸውና የእግራቸው ደም ዝውውር ከታየ በኋላ ነው። ሳይታይ የተነቀለ ጥፍር የማይድን ቁስል ትቶ ይሄዳል፤ ቁስሉ ይመግላል፤ መግሉ አጥንት ይይዛል፤ ከዚያ የሚመጣው ጣት መቁረጥ ነው፤ ጣት ያልበቃው እግር ይወስዳል። በጥፍር የተጀመረ ነገር እግር ወስዶ ያቆመባቸው ሰዎች አሉ። ወጌሻም፣ ፀጉር ቆራጭም፣ ደግ ጎረቤትም እንዳይነካው።

ታዲያ እስከ ጥር ምንም አይደረግም ማለት ነው? ኧረ ይደረጋል! ጥፍር ራሱ ነርቭ የለውም። የሠለጠነ ነርስ ወይም ሐኪም በትልቁ የጥፍር መቁረጫና በሞረድ ከላይ ከላይ እየላገ፣ ከጫፉ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ፣ ያን ቀንድ በአንድ ቀጠሮ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ከወር በኋላ ይደገማል። መልከ መልካም ጥፍር አይሆንም፤ ግን ሁለተኛውን ጣት አይጫንም፣ ጫማም ያስገባል። አዲስ ዘመን ላይ ካልሆነላቸው ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ትላልቅ ሆስፒታሎች አሉ፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን። አዲስ አበባ ከመጡ ደግሞ አለርት አለ። ዘነበወርቅ የሚለው ስም ሲነሳ ሰው እንደሚሸማቀቅ አውቃለሁ። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1934 የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ ተጀመረ፤ በ1965 ደግሞ አለርት ተባለ። እንዲያውም በዚሁ ታሪኩ ምክንያት የደነዘዘ እግርን ጉዳይ የሱን ያህል የኖረበት ቦታ አገራችን ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። ለተጎዳ እግር የሚሆን ጫማ የሚሠራበት ክፍል ሁሉ አለው። የቆዳ ሕክምናውም ለማንም ሰው ክፍት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄሽ ጫማው ነበር። ሽፍን ጫማ ገዝተሽ እንዳትልኪ! ሽፍኑ ጫማ ያን ቀንድ ወደ ጎረቤቱ ጣት ሥጋ ይገፋዋል። እግሩ ከደነዘዘ ደግሞ አባትሽ አይሰማቸውም፤ ሠርጉን ሙሉ ቆመው ይውሉና ማታ ካልሲያቸው በደም ርሶ ይገኛል። እንዲያውም ልንገርሽ፣ ኮንጎአቸውን ፊቱን ቆርጠው መጣላቸው ሐኪም ቢያያቸው የሚያደንቃቸው ሥራ ነው። አንቺም በዚያው መንገድ ሂጂ። እናትሽ ማታ፣ እግራቸው የቀኑን ያህል ካበጠ በኋላ፣ ካርቶን ላይ ታቁማቸውና ሁለቱንም እግር በእርሳስ ዙሪያውን ታንሳ። ካርቶኑን በአውቶብስ ትላክልሽ። አንቺ ጫማ ቤት ይዘሽው ሂጂና ካርቶኑ ሳይታጠፍ የሚገባበት፣ ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ትርፍ ያለው፣ ፊቱ ሰፊና ለስላሳ የሆነ ጫማ ምረጪ። ፊቱ ክፍት የሆነ ደህና የቆዳ ሸበጥም ይሆናል። በጋቢና በሸበጥ የመጣ አባት ለየትኛውም ሠርግ ይበቃል! ከማድረጋቸው በፊት እጃቸውን ጫማው ውስጥ እየሰደዱ ጠጠር ወይም ሚስማር እንዳለ ይዳስሱ፤ ይህን ልማድ ያድርጉት።

ስለ አማቾችሽ ደግሞ አንድ ነገር። «ዘራቸው ምን ነክቶት ነው» የሚለው ፍርሃት የአባትሽ ብቻ አይደለም። በደጋው አገር ስንት ትዳር በእግር ምክንያት ፈርሷል! ዝሆኔ የሚባለውን ሕመም እንውሰድ። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣ እብጠት ነው። አይተላለፍም፤ በጫማና በእግር መታጠብ ይከላከሉታል። ሆኖም ሰው ዛሬም «ዘር ነው» እያለ ልጅ ይከለክላል፤ ልጅ ያስቀራል። የአባትሽ ግን ዝሆኔም አይደለም፤ የጥፍር ጠማማነት ነው። እና ለእጮኛሽ አሁኑኑ፣ ዛሬ ማታ፣ ንገሪው። አልቅሰሽ ሳይሆን እንደ ተራ ወሬ፦ «አባቴን በሬ ረግጦት ጥፍሩ ተበላሽቷል፤ ስኳርም ሳይኖርበት አይቀርም፤ ሐኪም ቤት አብረኸኝ ሂድ»። መልሱን አብረን እንሰማዋለን። እኔ እንኳ ከሠርጉ በፊት ማወቁን እመርጥልሻለሁ።

ለሌሎቻችሁ፣ ስሜቱ ደህና የሆነ፣ ስኳር የሌለበት፣ ግን ጥፍሩ የወፈረ እናት ወይም አባት ቤት ላላችሁ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ልንገራችሁ። ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ በሳሙና አዘጋጁና እግሩን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉ። ደረቅ ወፍራም ጥፍር አይቆረጥም፤ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ወደ ሥጋ ይወርዳል። ከዚያ በጥፍር ሞረድ ውፍረቱን ከላይ በአንድ አቅጣጫ ሞርዱ፤ ብናኙ ወደ አፍንጫ እንዳይገባ አፍና አፍንጫችሁን ሸፈን አድርጉ። በጫፉ ከጎን እየጀመራችሁ ጥቂት ጥቂት ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ማዕዘኑን ጠለቅ አድርጎ መክበብ የለም፤ ጥፍር ሥጋ ውስጥ እየገባ የሚያሠቃየው በዚያ ነው። በአንድ ቀን ካላለቀ ተዉት፤ በሳምንቱ ድገሙት። በጣቶች መሐል በደንብ አድርቁና ጥፍሩንና ተረከዙን ቫዝሊን ቀቡ፤ በጣቶች መሐል ግን አትቀቡ። በጣም ለደደረ ጥፍር ፋርማሲ 40 በመቶ ዩሪያ ያለበት ቅባት አለ፤ ዙሪያውን ቆዳ በፕላስተር ከልሎ ጥፍሩ ላይ ብቻ ተቀብቶ ሲታሸግ ያለሰልሰዋል። ዩሪያ ስል ማሳ ላይ የሚበተነውን እንዳታመጡ አደራ! ስሙ አንድ ነው፤ ጆንያው ግን ለጤፍ ነው። የባትሪ ውሃ፣ በረኪና፣ ነጭ ጋዝ የሚቀቡም አሉ፤ ጥፍሩን ትቶ ሥጋውን ነው የሚበላው።

እናንተ ከተሜ ወጣቶችስ? ሹል ጫማ በምሳ ሰዓት አውልቃችሁ ጣታችሁን የምታሹ ሴቶች፣ ያ ጥፍር ከ30 ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ከላይ አንብባችኋል። ጥፍር የምትሠሩበት ቤት ደግሞ መቁረጫው ከአንዷ ደንበኛ ወደ ሌላዋ ሳይቀቀል የሚዞር ከሆነ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የጉበት ቫይረስ በእንደዚያ ዓይነት ደም በነካው መሣሪያ ይተላለፋል።

ቦታ ከተረፈን ዘንድ ከደብረ ታቦር ለጻፍክልን የ12ኛ ክፍል ተማሪም አጭር መልስ እንስጥ። ኳስ ስትጫወት ተረግጠህ የአውራ ጣትህ ጥፍር እንደጠቆረ፣ ሦስት ወርም እንደሆነው ጽፈሃል። አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ከጥፍሩ ሥር የረጋ ደም ነው፤ ጥፍሩ ሲያድግ አብሮት ወደ ፊት ይሄዳል። በምላጭ እንዳትበሳው። ግን አንድ ታሪክ ልንገርህ። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ላይ የነበረው ጉዳት ሲመረመር ከጥፍሩ ሥር የተነሳ የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ኳስ ወዳጅ ስለነበረ የኳስ ጉዳት ይመስል ነበር። በ1981፣ በ36 ዓመቱ አረፈ። ይህ ካንሰር ብዙ የሚታይ አይደለም፤ ጥቁር ሰውን ሲይዝ ግን መዳፍ፣ የእግር ውስጥና ጥፍር ሥር መነሳት ይወዳል። ስለዚህ ዛሬ ጥፍርህን በስልክህ ፎቶ አንሳው፤ ጥቁረቱ ከጥፍሩ ሥር ስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀ በማስመሪያ ለካና ጻፍ። ከወር በኋላ ድገመው። ወደ ፊት ከሄደ ደም ነው፤ ኳስህን ተጫወት። እዚያው ከቆመ፣ እንደ መስመር ሆኖ ከሰፋ፣ ወይም በጥፍሩ ሥር ያለውን ቆዳ ማጥቆር ከጀመረ ፎቶዎቹን ይዘህ እዚያው ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሂድ።